አስተያየት ላኩ ብላችሁ ልከናል፦ ለመጽሐፉ አሳታሚና ደራሲ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የመጽሐፉ አሳታሚና ለተከበሩ ደራሲው፣

ጤና ይስጥልን። እኛ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ተሰብስበን መጽሐፍ የምናነብ ሰዎች ነን። ነርስ አለችን፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለን፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አሉን፣ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ፣ ከመንዝና ከአንኮበር መጥተው እዚህ የሚማሩ ተማሪዎችም አሉ። ስለ ባዮሎጂካል ጦርነት (በሽታን እንደ ጦር መሣሪያ ስለመጠቀም) የጻፋችሁትን የስለላ ልብ ወለድ (ርዕሱን እዚህ አንጠራም፣ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ማሳጣትም ማሻሻጥም አልፈለግንም) የመጀመሪያው እትም እንደወጣ እየተቀባበልን ነው ያነበብነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ "አስተያየታችሁን ላኩልን፣ በቀጣዩ እትም እናስተካክላለን" ይላል። እኛም ቃል ነው ብለን ቁጭ ብለን ተወያይተን፣ የተስማማንበትንም ያልተስማማንበትንም ለይተን፣ ገጽ እየጠቀስን ጽፈን ላክን። ደርሶናል እንኳ ያለን የለም።

ከዛ ሁለተኛው እትም መጣ። ሽፋኑ ቀለም ቀይሯል፣ ዋጋው ጨምሯል፣ ውስጡ ግን አንዲት ፊደል አልተነካም። ይባስ ብሎ ከጀርባው "አንባብያን ምን አሉ?" በሚለው ስር የኛዋ ነርስ የጻፈችው ተለጥፏል፦ "ከጀመርኩት ማስቀመጥ አቃተኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳነበው አደርኩ።" ብላለች፣ አዎ። ግን እሷ የጻፈችው እዛ ላይ አያልቅም፣ "...ሳነበው አደርኩ፣ ጠዋት ላይ ግን ስለ አባ ሰንጋ ያላችሁትን ሳስበው ተናደድኩ፣ ይሄን ያነበበ በሽተኛ እኔ ጋ ቢመጣ ምን ልለው ነው?" ነው የሚለው። ግማሹን ቆርጣችሁ ማስታወቂያ አደረጋችሁት። ለዛ ነው አሁን ሰው ሁሉ እያየ የምንጽፍላችሁ፣ ይሄኛውም ግማሹ እንዳይቆረጥ።

መቼም "ልብ ወለድ እኮ ነው፣ ምን አካበዳችሁ" የሚል እንደሚመጣ እናውቃለን፣ ከኛው ውስጥም አለ፣ ባጃጅ ነጂው ልጅ እንደዛ ነው የሚለው። እሱ መጽሐፉን ወዶታል፣ ሰላይዋ ከሆቴል የምታመልጥበትን ምዕራፍ ጮክ ብሎ እያነበበ አስቆናል አስጨንቆናልም፣ ይሄን አንክድም። ሰላይዋ ከፎቅ ትዝለል፣ በአንድ ሌሊት ሦስት ፓስፖርት ትቀይር፣ ማንም ምንም አይላችሁም። ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ሙሉ በሙሉ በእውነተኛ የሳይንስና የታሪክ ማስረጃ ላይ የተመሠረተ" ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። እንደዛ ካላችሁ በኋላ ሲጠየቅ ልብ ወለድ ነው ማለት አይቻልም።

ከሁሉም የከፋው የአባ ሰንጋው (በእንግሊዝኛ አንትራክስ የሚባለው፣ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው በሽታ) ጉዳይ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የጠላት ሰላይ መንዝ ውስጥ ባለችው መሃል ሜዳ ከተማ የበግ ገበያ ላይ ዱቄት ይበትናል፣ በጎቹ ይረግፋሉ፣ ከዛ በሽታው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ እንደ ጉንፋን እየዘለለ በሦስት ቀን አዲስ አበባ ይገባል። አባ ሰንጋ እንደዛ አይሰራም። በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ በፖስታ የተላከው የአባ ሰንጋ ዱቄት 22 ሰው አሳምሞ 5 ገድሏል፣ ካስታመሟቸው ሐኪሞችና ቤተሰቦች ግን ከበሽተኛ የተያዘ አንድም ሰው አልነበረም። እኛ ጋ ደግሞ በሽታው የሚመጣው ከሰላይ ቦርሳ አይደለም፣ ድንገት የሞተ ከብት ሲገፈፍ፣ ሥጋው ሲበላ፣ ቆዳው ሲሸጥ ነው። እጅ ላይ ወይ ፊት ላይ መጀመሪያ የምታሳክክ ነገር ትወጣለች፣ ከዛ መሃሏ ይጠቁራል፣ ብዙ ጊዜ አታምም፣ ስለማታምም ሰው ይንቃታል። ይሄ ነበር የሚያስፈራው፣ ይሄን ብትጽፉልን ኖሮ መጽሐፉ ራሱ ይበልጥ ያስፈራ ነበር ብለናችኋል።

እሺ ገበያውን ለትሪለሩ ሲባል እንለፈው። ምዕራፍ 9 ላይ ግን ጀግናው የእንስሳት ሐኪም ድንገት የሞተውን በግ እዛው ሜዳ ላይ በቢላ ቀዶ "ማስረጃ" ይፈልጋል። የኛ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እዚህ ጋ ሲደርስ መጽሐፉን ዘጋው፣ በስንት ልመና ነው መልሶ የከፈተው። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ሬሳ አይከፈትም፣ ተማሪ ሆነው መጀመሪያ ከሚማሩት ነገር አንዱ ነው፣ ምክንያቱም ደሙ አየር ሲያገኝ ባክቴሪያው ስፖር (በቀላሉ የማይሞት፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘር) ይሆንና አፈር ውስጥ ይቀመጣል። ስንት ዓመት? እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኮትላንድ ዳርቻ ግሩናርድ የምትባል ደሴት ላይ አባ ሰንጋን እንደ ቦምብ ሞከሩት፣ በምን ላይ? በበጎች ላይ። ሙከራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፣ ደሴቷ ከበሽታው ነጻ ናት የተባለችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፣ ያውም አፈሯ በፎርማልዲሃይድ ከታጠበ በኋላ። እና የናንተ ጀግና መንዝ ላይ የግጦሽ መሬት ላይ በግ ቀዶ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መኪናው ውስጥ ገባ! አንባቢም ጀግና ነው ብሎ አጨበጨበ።

እዛው ምዕራፍ ላይ አንድ ሽማግሌ "በደንብ ከተቀቀለ ምንም አይል" ይላሉ፣ ሐኪሙም ሰምቶ ዝም ይላል። በመንዝ ለደሃ ቤት የወደቀ በግ መጣል ቀላል ነገር አይደለም፣ ሰው የሚፈልገው "ኧረ ይበላል" የሚለውን ነው፣ እናንተ ደግሞ በታተመ መጽሐፍ አረጋገጣችሁለት። ጥቂት ገጽ አለፍ ብሎ ደግሞ የደህንነት አለቃው "ይሄ በሽታ በዓለም ላይ መድኃኒትም ክትባትም የለውም" ይላል። አለው! የከብት ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ለሰውም ተራ አንቲባዮቲክ በጊዜ ከተሰጠ ይሰራል፣ ቆዳ ላይ የሚወጣው ዓይነት ካልታከመ ከ5 ሰው አንዱን ሊገድል ይችላል፣ ከታከመ ግን የሚሞት ብርቅ ነው። መድኃኒት የለውም ብሎ ያመነ ሰው ጤና ጣቢያ ለምን ይሄዳል? ጸበሉን ጠጥቶ ቤቱ ይተኛል። ነርሷ የተናደደችው ለዚህ ነው፣ እናንተ የቆረጣችሁትም ይሄንኑ ነው።

የሚገርመው ደግሞ እውነተኛው ታሪክ ከናንተ ፈጠራ በላይ ትሪለር መሆኑ ነው። ደራሲው የሶቪየቱን ነገር በአንድ መስመር "ሩሲያ ውስጥ አደጋ ደርሶ ነበር" ብለው አልፈውታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1979 ያኔ ስቬርድሎቭስክ ትባል በነበረች ከተማ ከአንድ የጦር ላብራቶሪ የአባ ሰንጋ ብናኝ አምልጦ ቢያንስ 66 ሰው ሞተ። መንግሥት "የተበከለ ሥጋ በልተው ነው" አለ። የሶቪየት የስለላ ድርጅት ኬጂቢ የሆስፒታሉን መዝገብ ሰበሰበ። ግን አስከሬን የመረመሩ ሁለት ሐኪሞች ናሙናና ማስታወሻቸውን ደብቀው አቆዩት፣ ሳንባ ውስጥ የገባ ነገር እንጂ የተበላ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቦሪስ የልትሲን የጦሩ ጥፋት እንደነበረ አመኑ፣ ከዛ ተመራማሪዎች ገብተው የሞቱት ሰዎች በዛ ቀን የት እንደነበሩ ካርታ ላይ ነጥብ ነጥብ ሲያደርጉ ነጥቦቹ ከላብራቶሪው ተነስተው ነፋሱ በነፈሰበት አቅጣጫ በቀጭን መስመር ተደረደሩ፣ በዛው መስመር ከከተማው ወጣ ብሎ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ድረስ ባሉ መንደሮች በጎችና ከብቶች ሞተዋል። በሉ እስቲ፣ ሰላይ የሚያስፈልገው ታሪክ ይሄ አይደለም እንዴ? የታሪክ መምህራችን "ሰውየው ወርቅ ላይ ቁጭ ብሎ መዳብ ቆፈረ" ነው ያሉት፣ ቃል በቃል ጽፈን ልከንላችሁ ነበር።

በዛ ላይ የደህንነት አለቃው "ይሄን መሣሪያ የሚከለክል ሕግ ዓለም ላይ የለም" ይላል፣ ታሪኩም ጠቅላላ እዚች ላይ ይቆማል። አለ እኮ። የባዮሎጂካል መሣሪያ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1972 ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ ውሏል፣ መጠቀም ቀርቶ መሥራትና ማከማቸትም ክልክል ነው። ሶቪየት ኅብረት ፈርማ ቀለሙ ሳይደርቅ ነው ባዮፕሬፓራት የሚባል በመድኃኒት ድርጅት ስም የተሸፈነ ትልቅ ፕሮግራም የገነባችው። ስምምነቱ ገብቶ የሚፈትሽ አካል እንኳ የለውም። ሕግ የለም ከማለት ሕግ እያለ ማን ያየናል ማለት አይበልጥም? ይሄ የሥነ ጽሑፍ አስተያየት ነው፣ እሺ፣ ባትቀበሉትም መብታችሁ ነው።

የዘረቱን (በጣልያን ወረራ ጊዜ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሰው ያለቀበትን ዋሻ) ጉዳይ ግን መብታችሁ ነው አንልም። ምዕራፍ 14 ላይ ገጸ ባህሪው አመጸኛ ዋሻ አፍ ላይ ቆሞ "ጣልያን እዚህ የባክቴሪያ ቦምብ ጣለ" ይላል። እዛ የሆነውን የአካባቢው ሰው ከአያቱ ሰምቶታል፣ በኋላም ተመራማሪዎች ሄደው ጽፈውታል። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም ነው፣ የሸዋው አርበኛ መሪ የአበበ አረጋይ ወገን የሆኑ አርበኞች ቁስለኛ፣ ሽማግሌ፣ ሴትና ሕጻን ይዘው ዋሻው ውስጥ ተከበቡ፣ ጣልያኖቹ ማስታርድ ጋዝ የሚባለውን መርዝ ዋሻው አፍ ላይ አፈነዱ፣ እጅ ከሰጡት ውስጥ ወንዶቹ ተረሸኑ። ጋዝ ነው። ኬሚካል ነው። ባክቴሪያ አልነበረም። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል የተከለከሉ ናቸው፣ ጣልያንም ፈርማለች፣ ግን አንድ አይደሉም፣ መርዝ ጋዝ ከሰው ወደ ሰው አይራባም፣ በሽታ ደግሞ እንደ ጋዝ ቆዳ አያቃጥልም። "ምን ለውጥ አለው፣ ያው ግፍ ነው" ያለን ልጅ ነበር፣ መምህራችን የመለሱለትን እንጽፋለን፦ ጣልያን ጋዝ መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስቴሯ ያመነው እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ቆይቶ ነው፣ ንጉሡ (ዐፄ ኃይለ ሥላሴ) በ1936 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ቆመው ከአውሮፕላን መርዝ እንዳዘነበችብን ከተናገሩ ከ60 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ እስከዛ ሁሉ ሐሰት ነው የሚል ነበር። እና ለካጅ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፣ "አያችሁ፣ የፈጠራ ወሬ ነው፣ ባክቴሪያ ይላሉ" ብሎ የቀረውንም እውነት አብሮ ይጥለዋል። አያት ቅድመ አያታቸው እዛ ዋሻ ውስጥ የቀሩ ሰዎች መሃላችን አሉ። ለነሱ ይሄ የትሪለር ዲኮር አይደለም።

የደስታ በሽታው (ከብት የሚፈጀው ወረርሽኝ) ላይ እኛም አልተስማማንም፣ ስለዚህ ሁለቱንም እንንገራችሁ። መጽሐፉ ጣልያን በምጽዋ በኩል የታመሙ ከብቶችን ሆን ብላ አስገብታ ክፉ ቀንን አመጣች ይላል፣ ከስሩም የ"ሰነድ" ቁጥር ጠቅሷል። ከብቶቹ በ1887 እ.ኤ.አ. ለጣልያን ጦር ተብሎ ከሕንድ መምጣታቸውና በሽታው ከዛ ተነስቶ አገሩን መጨረሱ በታሪክ የታወቀ ነው፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም በሬ አልቆ አራሽ ጠፍቶ ሕዝቡ ምን እንደሆነ ሸዋ ውስጥ ያልሰማ የለም። ሆን ተብሎ ነው የሚለው ግን ማስረጃ የለውም። ተማሪዎቹ "ደራሲ እንደፈለገ መጠርጠር ይችላል፣ ልብ ወለድ ጥርጣሬ ካልጻፈ ምን ይጻፍ" አሉ፣ ይሄን የምጽፈው እኔም ወደነሱ አደላለሁ። ግን የሌለ ሰነድ ቁጥር ሰጥቶ የግርጌ ማስታወሻ ማድረግ ላይ ሁላችንም አንድ ነን፣ አይቻልም። ገጸ ባህሪው ይጠርጥር፣ ይማል፣ ያልቅስ፣ ሰነድ ግን አትፍጠሩ። ደግሞ ደስታ በሽታ ሰው አይዝም፣ ሰውን የገደለው ረሃቡና ረሃቡን ተከትሎ የመጣው ሌላ በሽታ ነው፣ እናንተ ግን የከብት ሐኪሙን ራሱን በደስታ በሽታ ገደላችሁት። በሽታውም እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ ታውጇል፣ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

ፈንጣጣን ካነሳን፣ ሰላይዋ ብልቃጡን የምትሰርቀው ናይሮቢ ካለ "የዓለም ጤና ድርጅት ማከማቻ" ነው። ቫይረሱ በይፋ የሚቀመጠው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ አሜሪካ አትላንታና ሩሲያ ኮልትሶቮ። ለስርቆቱም ኮልትሶቮ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ብርዱ ለሸዋ ሰው አይከብድም። ጉሎውንም አንረሳም፦ ምዕራፍ 20 ላይ አንዲት እናት ምጣዷን በጉሎ አስሳ ጋግራ ቤተሰቡ በሙሉ "በራይሲን" ያልቃል። ራይሲን ከጉሎ ፍሬ የሚወጣ መርዝ መሆኑ እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ ጆርጂ ማርኮቭ የሚባለው ቡልጋሪያዊ ጸሐፊ የተገደለበት ነው፣ ጥሬ ፍሬውን ሕጻን እንዳያኝክም መጠንቀቅ ደግ ነው። ግን የጉሎ ማሰሻ ቤተሰብ የሚጨርስ ቢሆን ሸዋ ላይ ይሄን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው አይተርፍም ነበር፣ ሴቶቹ እንባቸው እስኪመጣ ነው የሳቁት።

ስለ አገሩም ትንሽ እንበል። ጀግናው ከደብረ ብርሃን ተነስቶ መሃል ሜዳ ለመድረስ የጣርማ በርን ዋሻ አቋርጦ ደብረ ሲና ይወርዳል። ወደ መንዝ ለመሄድ ደብረ ሲና መውረድ አያስፈልግም፣ ባጃጅ ነጂያችን መጽሐፉን ወዶትም እዚህ ጋ "ይሄ ሰውዬ ጠፍቷል" ብሎ ነው ያቆመው። ደብረ ብርሃን ሌሊት በሸሚዝ ብቻ በላብ ተጠምቆ የሚሮጥም ሰላይ አለላችሁ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በኅዳር! ይሄ ይሁን፣ ያስቃል። የማያስቀው የመንዝ ሰው አሳሳሉ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው የመንዝ ሰው በርኖስ ለብሶ በግ ይጠብቃል፣ አንድ ሁለት ቃል ይናገራል፣ ይሞታል። በየምዕራፉ እንደዛ ነው። በሽታውን ቀድሞ የሚያውቀው ግን እሱ ነው እኮ፣ በጉ በላተኛ እያለ ድንገት ሲወድቅ፣ ደሙ አልረጋ ሲል አይቶ ቀበሌ የሚናገር እሱ ነው። ወረርሽኝ ቀድሞ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በእረኛ ዓይን ነው። እናንተ ለሰላይዋ ሳተላይት ሰጣችሁና እረኛውን ደንቆሮ አደረጋችሁት።

የላክነው ጽሑፍ መልስ ሲያጣ ተማሪዎቹ የቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ በአጭሩ ኮሜንት አደረጉ፣ ስድብ የለበትም፣ ስክሪንሾቱ አለ። ጠፋ። "ምርጥ መጽሐፍ፣ እሳት ነው" የሚለው ግን ቁጭ ብሏል። መጽሐፉ እዚህ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ ፒዲኤፉ በነጻ ይዞራል፣ እኛ ግን ገንዘብ አዋጥተን ኦርጅናሉን ነው የገዛነው፣ ሁለተኛውንም እትም ጭምር፣ ታረመ ብለን። ገዝቶ አንብቦ የጻፈላችሁን ሰው ኮሜንት ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ንገሩን።

የምንጠይቀው ይሄ ነው። የነርሷን ቃል ከሽፋኑ ላይ አንሱልን፣ ወይ ደግሞ ሙሉውን አትሙት፣ እሷ በሁለቱም ትስማማለች። ሦስተኛ እትም ከመውጣቱ በፊት የአባ ሰንጋውን ክፍል፣ በተለይ ሬሳ መክፈቱን፣ "ከተቀቀለ ምንም አይል" የሚለውንና "መድኃኒት የለውም" የሚለውን አንድ የእንስሳት ሐኪምና አንድ የሰው ሐኪም አይተው ያርሙት፣ እኛ ጋ ያለው ባለሙያ ያለ ክፍያ ለማንበብ ፈቃደኛ ነው። እስከዛ ባሉት ኮፒዎች ውስጥ አንዲት ቅጠል ወረቀት አስገቡ፣ ድንገት የሞተ ከብት አይገፈፍ፣ አይበላ፣ ለእንስሳት ጤና ይነገር፣ ቁስል የወጣበት ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ የምትል፣ ከዛ በላይ አንጠይቅም። የዘረቱን ባክቴሪያ ወደ ጋዝ መልሱት። የተፈጠረውን የሰነድ ቁጥር አውጡት፣ ካልሆነ "በእውነተኛ ማስረጃ ላይ የተመሠረተ" የሚለውን ከመጀመሪያው ገጽ አንሱ፣ አንዱን ምረጡ። ያጠፋችሁትን ኮሜንት መልሱ። ደራሲውም ፈቃዳቸው ከሆነ ደብረ ብርሃን መጥተው ያወያዩን፣ አዳራሽ እኛ እንፈልጋለን፣ ጋቢ ይዘው ይምጡ ብቻ። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን፣ ሲደርሰንም እንደ ደረሰን ምንም ሳንቆርጥ ለአባሎቻችን እናነባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአንባብያኑ ስብስብ አስተባባሪ
ስለ አባላቱ ሁሉ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ